እኔ ጋ ይሠራል

«ተፈትሿል እኮ!» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ፣ የውጤት ወረቀቱን በእርሳሳቸው መታ መታ እያደረጉ። «ሶፍትዌሩ ደህና ነው። የቤት ንድፉን ሳትሠራ ቀርተህ በማሽን ታሳብባለህ?»

«እውነቴን ነው፣ ቲቸር» አለ የክፍሉ ልጆች «ኤሊ» የሚሉት ልጅ። «የሣልኩትን ሴቭ አላደርግም ይለኛል።»

መምህሩ ወደ ረዳታቸው ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የፈተሽሽው?»

ረዳታቸው የዚያው ክፍል ተማሪ ናት፤ ኮምፒውተር ላይ እጇ የተፍታታ በመሆኑ ጓደኞቿ «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ኤሊ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ቲቸር! ሲደርስ ያስረክባል!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ አልሳቁም፤ ከልጁ ስም ትይዩ ዜሮ ጻፉ። ዝርዝሩ ነገ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ዜሮ ያለበት ተማሪም በመጪው ዓመት የንድፍ ክፍል አይገባም።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ልጁ ሲያማርር መምህሩ «እስቲ እዪለት» ብለው ላኳት። ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው ለመረብ ኳስ ያጣድፏት ነበር። በልጁ ማሽን ላይ በራሷ አካውንት ገባች፤ አንድ መስመር አሰመረች፤ ሴቭ ስትል እሺ አላት። «እኔ ጋ ይሠራል። ችግሩ ያንተ ነው» ብላው ወጣች። ለእሷ አካውንት ግን መምህሩ ለረዳትነቷ ብለው ሙሉ ፈቃድ ሰጥተውት ስለነበር፣ ሁሉም ሥራውን በሚያስቀምጥበት የጋራ ሰርቨር ላይ የሚከለክላት ነገር አልነበረም። ይህን ያን ዕለትም ታውቅ ነበር። ሳታስበው ቀርታ ነው? ወይስ ማሰቡ ጊዜ እንዳይወስድባት ፈርታ?

ደወሉ ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ልጁ ከወንበሩ አልተነሣም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«እስቲ ባንተ አካውንት ግባ።»

«ለምን? ልትስቂብኝ?»

«ግባ በቃ።»

ገባ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን አከታትሎ ሣለ። ጣቶቹ አላመነቱም።

«እንዴት ነው እንዲህ የፈጠንከው?»

«ስለማይቀመጥልኝ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነዋ የምጀምረው። ይሄ ዘጠነኛ ቤቴ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቢቀመጡልኝ ኖሮ ይሄኔ አከራይ ነበርኩ።»

መሳቅ አቃታት። ሴቭ ሲል ከመስኮቱ ሥዕል በላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «በዚህ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለዎትም።»

በጎን ባለው ማሽን በራሷ አካውንት ገብታ የፈቃዱን ዝርዝር ከፈተች። የክፍሉ ልጆች ሁሉ መጻፍ ከሚችሉት መካከል ተመዝግበዋል። ልጁ ግን ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣው በዓመቱ አጋማሽ ነበርና ስሙ ከተመልካቾች ጋር ብቻ ገብቷል። ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ማስቀመጥ አይችልም። ማስተካከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መጻፍ ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ ስሙን ጻፈች፤ ጣቷም ማስገቢያው ቁልፍ ላይ አረፈ።

ብትጫነው ሁሉም ነገር ያበቃል። መምህሩ ነገ መጥተው ቢሞክሩት ይሠራል። ማንም አያውቅባትም። ልጁም ውሸታም እንደተባለ ይቀራል።

«ጨርሺዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ልጁ።

የጻፈችውን ስም ፊደል በፊደል አጠፋችው።

«እንዴ! ምነው ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። እንዳለ ይቆይ፤ አንተም እንዳትነካው። ቲቸር በዓይናቸው ማየት አለባቸው።»

ልጁ ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎም እሷን። «ያኔ እንዴት እንደፈተሽሽው ይጠይቁሻል እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ።»

መምህሩ ቦርሳቸውን አንግበው፣ የውጤት ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ ደረሰችባቸው።

«ቲቸር፣ እባክዎን አንዴ ይመለሱልኝ» አለች። «ያን ዕለት የፈተሽኩት በእሱ አካውንት አልነበረም።»