የፈረሰው ግድግዳ

ጋሼ ወንድማገኘሁ በስደት ሜልቦርን ገብተው፣ ሲሚንቶ ከመሸከም ተነስተው የግንባታ ድርጅት ባለቤት ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሥራ ማለት ለእሳቸው ቶሎ ማዘዝ፣ ቶሎ መጀመር፣ የዘገየውን መቆጣት ነው። በከተማዋ ዳርቻ፣ ዌሪቢ ላይ፣ የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሠሩ ሲመረጡ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ አብረዋቸው የተሰደዱ ሰዎች ጭምር የሚጦሩበት ቤት ነዋ!

የድርጅቱ መሐንዲስ የሆነችው የምሥራች ገና ከጅምሩ አንድ ሐሳብ አቅርባላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ዲዛይኑም፣ ግዢውም፣ ሳይቱም የሚሠሩት በየራሳቸው ፕላን ነው። መረጃው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ በአንድ ሲስተም እናያይዘው፤ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሊን የሚባለውን፣ ብክነት የሚቀንሰውን አሠራር እንጨምርበት፤ ባለሙያዎቹ በየሳምንቱ ይነጋገሩ፣ ያልተዘጋጀ ሥራም አይጀመር።»

«ልጄ፣ ቤት በስብሰባ አይሠራም» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ብዙም አልቆየ። የመታጠቢያ ክፍሎቹ ግድግዳ በቦርድ ተለብጦ፣ ቀለም ሁሉ ከተቀባ በኋላ፣ አረጋውያኑ አደጋ ሲደርስባቸው እርዳታ የሚጠሩበት የድንገተኛ መጥሪያ ሽቦ በውስጡ እንዳልተዘረጋ ታወቀ። ግድግዳው ፈረሰ። ያለጊዜው የመጣው ትርፍ ቦርድም ሜዳ ላይ ዝናብ መትቶት ተጣለ።

ጋሼ ወንድማገኘሁ በንዴት ጦፈው ኤሌክትሪሻኑን መርጋን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ከነገ ጀምሮ ዓይንህን እንዳላይ!» አሉት።

«እኔ በተሰጠኝ ፕላን ላይ ይህ ሽቦ የለም» አለ መርጋ።

«እውነቱን ነው» አለች የምሥራች። «ፕላኑ ተሻሽሏል፤ የተሻሻለው ግን ከዲዛይን ክፍሉ አልወጣም። ግዢ ክፍሉም ሳይቱ የት እንደደረሰ አያውቅም። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል፤ ቤቱን በሙሉ ያየ ግን የለም። እርስዎም ጭምር፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወንድማገኘሁ ዞረው ፍርስራሹን ተመለከቱ። እዚያ ክፍል ውስጥ የወደቀ አንድ ሽማግሌ ተጣርቶ ተጣርቶ የሚሰማው ሲያጣ ታያቸው።

«መርጋ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ የምሥራች ባለችው መሠረት ፕላኑ አንድ ሆነ፤ የተለወጠውን ሁሉም ወዲያው ያየው ጀመር። ዕቃም ቦታው ሳይዘጋጅ አይመጣም። በሳምንቱ ስብሰባ ጋሼ መጀመሪያ ይቁነጠነጡ ነበር፤ ኋላ ግን «ሥራ የቆመበት ማነው?» ብለው ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ።

ቤቱ በተመረቀ ቀን እንግዶቹ ሲያሞግሷቸው የምሥራችንና መርጋን ጠርተው አጠገባቸው አቆሙ።

«ብዙ ቤት ሠርቻለሁ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ሥራ ሲበላሽ የሚባረር ሰው እፈልግ ነበር። እዚህ ግን አሠራሬን አረምኩ። ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው!»