ዝም ያሉበት ዙር

ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ማስተር ቴፑ፣ ዋናው የቀረጻ ክር፣ የለም።

ኢንስፔክተሯ የስቱዲዮውን በር መረመረች። ቁልፉ አልተሰበረም፣ መስኮቱም አልተነካም። ሌባው የቤት ሰው ነው አለች በሆዷ፤ ሆዷ ደግሞ ዋሽቷት አያውቅም።

ጃዝን ከሮክ የሚያጋባው ባንድ በዘመኑ የቀዳው ይህንን አንድ ክር ብቻ ነበር። ግልባጭ የለውም። ከቀረጻው በኋላ ደግሞ የድራመሩ ቀኝ እጅ ከዳው፤ ከእንግዲህ የከበሮ ዱላ አይጨብጥም።

"ልጄ አባቷ ምን እንደነበረ የምትሰማው ከዚያ ክር ነው" አላት ድራመሩ።

ኦርጋኒስቱ ሶሎዬ አላማረም፣ እንደገና እንቅዳ እያለ ሰው ሲያሰለች ከርሟል። እሱንም አልካደም።

"ታዲያ ደበቅከዋ?"

"ኢንስፔክተር፣ የእሱ እጅ ከከዳ ወዲያ ማንን ይዤ ነው የምቀዳው?"

የድምፅ ባለሙያው ቁልፍ አለው። ነገር ግን ክሩን ቢፈልገው ኖሮ ማንም ሳያውቅ ገልብጦ ያስቀረው ነበር።

የቀረው ዘንጉ ነው። በቁመቱ እንዲህ የሚሉት የቀድሞው ቤዚስት፣ ከቀረጻው በፊት ተጣልቶ ወጥቷል። ቁልፉን እንደመለሰ፣ ቀረጻውንም ሰምቶት እንደማያውቅ ፈርጠም ብሎ ተናገረ። ኢንስፔክተሯ አልተከራከረችውም። ምላሱን ትታ ጣቶቹን ልትጠይቅ ወስናለች።

ድራመሩ አንድ ነገር አጫውቷት ነበር። በቀረጻው ዕለት በሰባት በሰባት ምት የሚዞረው ዜማ መሃል ላይ ሲደርስ ዱላው ከእጁ ወደቀ። እስኪያነሳው ጓደኞቹ አንድ ዙር ሙሉ ዝም አሉ። ኋላ ሲሰሙት አምሮ አገኙትና እንዳለ ተዉት። ዘንጉ በነበረበት ጊዜ ያ ዝምታ አልነበረም።

ሁሉንም ስቱዲዮ ጠራቻቸው፤ ድራመሩን ዳር አስቀምጣ ኦርጋኒስቱንና ዘንጉን ዜማውን ተጫወቱልኝ አለቻቸው። ኦርጋኒስቱን ግን አስቀድማ እንደ ድሮው ሳታቋርጥ ቀጥል ብላዋለች።

ጀመሩ። ዘንጉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቶቹ ያንን ጠማማ ምት እንደ ገዛ ቤታቸው ያውቁታል። መሃል ላይ ደረሱ። ኦርጋኑ ቀጠለ።

ቤዙ ዝም አለ። አንድ ዙር ሙሉ። ከዚያ ልክ በቦታው ገባ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ያዩታል።

"ሰምቼው አላውቅም ያልከውን ክር ሸምድደኸዋል" አለች ኢንስፔክተሯ።

ዘንጉ ድሮ ያስቀረጸውን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ክሩ አልጋው ሥር በአንሶላ ተጠቅልሎ እንዳለ፣ ምንም እንዳላበላሸበት ተናገረ።

"የቤዙን መስመር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የተቀዳው ግን በሌላ ሰው ጣት ነው። ቅናት አቃጠለኝ። ልበጣጥሰው ነበር የወሰድኩት።"

"ለምን ተውከው?" አለ ድራመሩ።

"ከመበጣጠሴ በፊት ሳዳምጠው ዱላህ ሲወድቅ ሰማሁ። እጅህ እንዲህ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።"

ድራመሩ ወደ ዘንጉ ቀረበ። ንዴቱ አልበረደለትም፤ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል።

"ዛሬስ? ኦርጋኑ እኮ አልቆመም። አንተ ለምን ቆምክ?"

ዘንጉ የጓደኛውን የማይታዘዝ እጅ አየ።

"እስክታነሳው እየጠበቅኩህ ነበር።"