ሽሪምፕ አይስማማኝም

«ምን ነበር እሱ?» አለች ቀጮ ከንፈሯን እያሸች። ሁለተኛውን የሩዝ ጥቅል በቅጡ እንኳ ሳትውጥ አፏ ዙሪያውን ያሳክካት ጀመር።

«ድንች ነው አልኩሽ እኮ!» አለች ጀግኒት። ሳቋ ግን አመለጣት። «እሺ፣ እሺ፣ ሽሪምፕ ነው። አየሽ? በላሽው! አልሞትሽም!»

ጀግኒት የቀጮ የልብ ጓደኛ ናት፤ ቅጽል ስሟን ያገኘችው የቀረበላትን ሁሉ ስለምትደፍር ነው። ወደዚህ የጃፓን ምግብ ቤት ጎትታ ያመጣቻትም እሷ ናት። ጥሬው ዓሣ፣ የኦክቶፐሱ እግር፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሲቀርብ ቀጮ አንዱንም እምቢ አላለችም። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ግን ሰውነቷን ስለሚያሳብጠው፣ ገና ከበር ሲገቡ «ሽሪምፕ አይስማማኝም» ብላ ነግራታለች።

«እኔ ምን ላውቅ?» አለች ጀግኒት የቀጮ ከንፈር ሲያብጥ አይታ። «ወንድሜም ካሮት ባየ ቁጥር አይስማማኝም ይላል። የፈራሽ መስሎኝ ነው!»

ቀጮ እናቷ ለዚሁ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ የምታስቀምጥላትን ኪኒን አወጣች። ምግብ አብሳዩ አይቷት ከባንኮኒው ጀርባ ውሃ ይዞ ሮጠ። ኪኒኑን ውጣ እናቷ ጋ ደወለች፤ እናቷም «መጣሁ» አለቻት።

ይሄ ሁሉ እንኳ ይለፍ። ቀጮን ያንገበገባት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የቤቱ ባለቤት ደንግጣ መጣችና፣ «ማነው ሽሪምፕ ያበላት?» ስትል ጀግኒት ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «እኛ ሽሪምፕ እንዳይገባበት ብለን ነበር፤ እሱ ነው የተሳሳተው» አለች።

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አልነገረኝም» አለ ምግብ አብሳዩ።

«ዝም በል! የሰው ልጅ ልትገድልብኝ ነው? ሽርጡን አውልቅና ውጣልኝ!»

የቀጮ ደም ፈላ። ያዘዘችው ራሷ ጀግኒት! አሁን በገዛ አፏ «ሽሪምፕ ነው» ብላ የሳቀችው! ጉድ እኮ ነው!

ጀግኒት ከጠረጴዛው ሥር እጇን ጭምቅ አደረገቻት። «በናትሽ ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «አባቴ ከሰማ አለቀልኝ። ጓደኛሽ አይደለሁ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቀጮን አሳዘነቻት፤ አንጀቷ አልቆርጥ አላት። ሰውየው ግን የሽርጡን ቋጠሮ መፍታት ጀምሯል።

ቀጮ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ተነሳች።

«እሱ አላጠፋም» አለች። ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ ተኮላተፈባት።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

ቀጮ ድጋሚ አለችው፤ አንድ በአንድ፣ በዝግታ። «እሱ አላጠፋም። ሽሪምፑን ያዘዘችልኝ ጓደኛዬ ናት። ድንች ነው ብላ አበላችኝ።»

ምግብ አብሳዩ የሽርጡን ቋጠሮ መፍታት አቆመ። ቀጮ ቦርሳዋን አንስታ እናቷን በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ልትጠብቅ ሄደች። ጀግኒት «ቆይ እንጂ!» ስትላት ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም።