አርብ የማይላከው ቅጂ

መዝጋቢው ማቴዎስ አርብ ማታ የሞተው በኮምፒውተር ማሽኖቹ መካከል ነው። የመካነ ኢየሱስ ከተማ የመሬት መረጃ ክፍልም አብሮት ነድዷል። ሰዉ ሁሉ «የኤሌክትሪክ ነገር ነው» አለ። ኢንስፔክተር መስታወት ግን ከተቃጠለው በር ሥር ጓጉንቸሩን አነሣች። ከውጭ እንደተቆለፈ ነው።

የገበሬው የመሬት ይዞታ እዚህ ይመዘገባል፤ እሳት ቢነሣ እንዳይጠፋም ቅጂው ወደ ወገዳና አርብ ገበያ ከተሞች ይላካል። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ከመጣ ወር ያልሞላው ኃላፊ ላቀው፣ ጥበቃው ጋሽ አወቀ፣ ለስብሰባ መጥቶ ቁልፍ የተዋሰው የወገዳው ባለሙያ ታምራት።

የሟች እናት ወለተ ሚካኤል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «አርብ ደወለልኝ፤ ‹እማ፣ ማሳሽን በማይታወቅ ስም አዙረውታል፤ ዛሬ አጣራለሁ› አለኝ» አሉ።

መስታወት እናቲቱ የነገሯትን ለማንም ሳትገልጽ ስለ ማሳው ብቻ ላቀውን ጠየቀችው።

«አይድከሙ ኢንስፔክተር። የሴትዮዋ ስም ወገዳም የለም፣ አርብ ገበያም የለም። አርብ የተሠራ ለውጥ ወዲያው ሦስቱም ቦታ ይደርሳል።»

«አይተውታል?»

«ማየት ምን ያስፈልጋል?»

አጠገባቸው የቆመው ታምራት ግን ሳቀ። «አርብማ ገበያተኛው ሁሉ ስልክ ይዞ ይወጣል፤ ኔትወርኩ ከአህያው ኋላ ነው! ማቴዎስ የአርብ ገበያውን ቅጂ ቅዳሜ ነበር የሚልከው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አይደለሁ በር የምከፍትለት?» አሉ ጋሽ አወቀ።

መስታወት አርብ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«አርብ ገበያ ያለው ቅጂ ሐሙስ ላይ ቆሟል፤ ማሳው የወለተ ሚካኤል ነው። ሌባው አርብ ስሙን ለወጠ፤ ማቴዎስ ደረሰበት፤ ሰውየው ቆልፎበት ለኮሰ።»

«ሦስታችንም ቁልፍ አለን!» አለ ላቀው።

«አላችሁ። ግን ታምራትና ጋሽ አወቀ የቅዳሜውን ልማድ ያውቃሉ። ለውጡን ቅዳሜ ወደ አርብ ገበያ የሚልከው እዚህ የተቃጠለው ማሽን ነበር፤ እነሱ ቢሆኑ እሱን አያቃጥሉትም። ያቃጠለው ለውጡ አርቡኑ ሦስቱም ቦታ ደርሷል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ደግሞስ ለውጡ አርብ መሠራቱን ማን ነገረዎት? እኔ አልነገርኩዎትም።»

ላቀው ወደ ግቢው መውጫ ተራመደ። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

መስታወት አሮጊቷ አጠገብ ተንበረከከች። «እማማ፣ ማሳዎ ተመልሷል። ልጅዎ ያስቀመጠው ቅጂ ነው ያተረፈልዎት።»

ወለተ ሚካኤል የከሰለውን በር አዩ።

«መሬቱንስ ሦስት ቦታ አስቀመጠው፣ ልጄ» አሉ። «እሱን ግን አንድ ብቻ ነበር የወለድኩት።»