የበረዶ ልብስ ለብሶ ሶፋችን ላይ የተቀመጠው

እኔ ሰው እንኳ ቶሎ የማምን አይደለሁም፣ መንፈስማ ጭራሽ። የምሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ ካሳ ክፍል ነው፣ ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ «መኪናዬ ቆማ ሳለች ግንቡ መጥቶ ገጫት» ዓይነት ወሬ ስሰማ እውላለሁ፣ ሥራዬ አለማመን ነው ብላችሁ ይቀላል። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ሰው እየተንቀጠቀጠ ሲወድቅ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ በአንድ ዓይኔ አጮልቄ የማይ ነኝ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ፋይሉን ዘግቼ «እናየዋለን፣ እንደውልልዎታለን» ብዬ ነበር የምሸኘው። ግን የደረሰው በእኔ ነው፣ በራሴ ሳሎን፣ ሳሊተ ምሕረት ባለው አፓርታማችን፣ ደግሞ በሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው።

ነገሩን ያመጣው ጉዞ ነው። ባለቤቴ ምስክር የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ለቤተሰብ የቅናሽ ትኬት ይሰጣል፣ ለሚስት፣ ለልጆች፣ ለወላጅም ጭምር፣ እኛ ግን ከዱባይ ወዲያ ተሻግረን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ልጃችን ሶሊያና ተነሳችብን። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስልኳ ላይ ቀኑን ሙሉ የምታየው ስኖውቦርድ ነው፣ ሁለት እግርን አንድ ሳንቃ ላይ አስሮ በበረዶ ተራራ ቁልቁል መንሸራተት ማለት ነው፣ በረዶ ስል ደግሞ የኛን ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠር ሳይሆን ያንን እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ነው። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንዴ ብቻ!» ስትል ስትል አባቷን ረታችው፣ ታናሽ ወንድሟ ናታንም ነገሩ ሳይገባው «እኔም! እኔም!» አለ፣ በቃ፣ ለጥር የትምህርት ዕረፍት አልፕስ ተራሮች እንድንሄድ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የማታ ሥራችን ሪዞርት መምረጥ ሆነ። ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን ሶፋው ላይ ተደርድረን እናያለን፣ ይሄኛው ተራራው ትልቅ ነው ግን ለጀማሪ የሚሆን ሜዳ የለውም፣ ያኛው የልጆች አሠልጣኝ አለው ግን ከባቡር ጣቢያ ይርቃል፣ ሶሊያና የሚያስፈራውን ቁልቁለት ትመርጣለች፣ ምስክር ሆስፒታል ቅርብ መሆኑን ያጣራል፣ እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ የማየው ሰዎቹን ነበር። እንጨት ቤት ውስጥ እሳት ዳር ትኩስ ቸኮሌት ይዘው የሚስቁትን ቀጫጭን ሰዎች እያየሁ ራሴን እነሱ መሃል አስቀምጣለሁ።

አንድ ማታ ምስክር «እናቴም አብራን ትሄዳለች» አለ።

እናቱ እማማ ታደለች የሚኖሩት ሆሳዕና ነው፣ ከምስክር እኅት ጋር። ብቻቸውን ሆነው ነው ያሳደጉት፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም፣ ግን ጉልበታቸው ታማሚ ነው፣ ድምፃቸውም ከባድ ነው፣ ሲጸልዩ ሠፈር ይሰማል። አንድ ጊዜ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ወስደናቸው፣ ቁርስ ላይ ከቦርሳቸው ቆጮ አውጥተው ለአስተናጋጁ ቆርሰው ሰጡት፣ ይሄ ሳይበቃ ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ምግብ ቤቱን በሙሉ ባረኩት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፣ ስልኩን ያወጣም ነበር፣ ምስክር «አሜን!» እያለ ይስቃል፣ እኔ ፊቴን በሜኑ ሸፈንኩ። እና «ትሄዳለች» ሲል ያ ምግብ ቤት ነው ፊቴ ላይ የመጣው፣ በአፌ ግን «ብርዱን ይችሉታል? ደም ግፊታቸውስ?» አልኩ፣ አሳቢ ምራት መስዬ።

«በስብከት ስትሰማው የኖረችውን በረዶ በዓይኗ ትየው» አለና ጨረሰው።

ነገሩ የደረሰበት ቀን እሑድ ነበር፣ መስከረም ገብቶም ዝናቡ አልወጣ ብሎ ነበር። የምስክር የሥራ ባልደረባ ዓምና ቤተሰቡን ይዞ እዚያው ሄዶ ስለነበር ልብሱን በትልቅ ሻንጣ፣ ከአንድ ስኖውቦርድ ጋር አዋሰን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ፣ ወፍራም ጃኬትና ሱሪ፣ ሄልሜት፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጨርቅ፣ ግማሽ ፊት የሚውጥ ትልቅ መነጽር። የእማማ ድርሻ ለብቻው በላስቲክ ተቋጥሮ የልጆቹ ክፍል አልጋ ላይ ተቀመጠ፣ እኛ የየራሳችንን መልበስ ጀመርን። ሳቁን ብታዩት! ያን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚለየው ቁመት ብቻ ነው። እኔ የጃኬቴ ዚፕ ደረቴ ላይ ተነክሶ አልወጣም አልወርድም ስላለኝ መስታወት ፊት ልታገለው መኝታ ቤት ገባሁ። በዚህ መሃል ልጆቹ ለጎረቤት ካላሳየን ብለው እንደለበሱ ወደ ታች ሮጠዋል፣ ምስክርም ስኖውቦርዱን ከመኪና ላምጣ ብሎ ተከትሏቸዋል፣ ይሄን ግን በኋላ ነው ያወቅሁት።

መብራት ጠፋ። ይሄ ብርቅ አይደለም። ወዲያው በረዶ መጣ፣ የኛው ጠጠሩ፣ የመኪና ማቆሚያውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ጀመር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ከኮሪደሩ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ያ ልብስ ሲራመዱበት የሚያወጣውን፣ ሱሪ ከሱሪ ሲታሸት፣ ሽው... ሽው... ወደ ሳሎን ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ የመኝታ ቤቱ በር ድረስ መጣና እዚያ ቆመ።

«ምስክር?» አልኩ።

ሄልሜቱ ጆሮውን ደፍኖት ይሆናል አልኩ። ሽው ሽው እያለ ተመለሰና ሶፋው ሰው ሲቀመጥበት የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ።

ወጣሁ። ሳሎኑ ድንግዝግዝ ብሏል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ሄልሜቱን፣ መነጽሩን፣ የአፍ ጨርቁን ሁሉ እንዳደረገ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስኮቱ ብቻ ነው። ምስክር መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

እመኑኝ፣ ያን ቀን ለመናገር አስቤ አልነበረም። ግን ልጆቹ የሉም፣ ጨለም ብሏል፣ ደግሞ ፊቱ ለማይታይ ሰው መናገር ይቀላል፣ ሞክሩት።

«ልጆቹ ሳይመጡ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩ እንደቆምኩ። «እናትህን አንውሰዳቸው።»

መነጽሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ስለ ብርዱ አይደለም፣ ስለ ግፊታቸውም አይደለም። ያሳፍሩኛል፣ ምስክር። በቃ፣ ያሳፍሩኛል። በዚያ ድምፃቸው፣ በዚያ አረማመዳቸው፣ እዚያ ሰው መሃል ቆመው ምግብ ቤቱን ሲባርኩ እኔ የት ልግባ? አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ልዝናና፣ እሳቸውን እንደ ሻንጣ እየጎተትኩ አይደለም!»

ይሄን ነው ያልኩት። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ገብቶኛል እንደሚል ሰው። ከዚያ ተነሣ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ከእኔ በራስ ያህል ይበልጣል፣ ጓንት ባጠለቀ እጁ ዚፔን ያዘና ያን ሁሉ ጊዜ የታገልኩትን በአንዴ እስከ አገጬ ድረስ ሳበልኝ። ኮሌታዬን አስተካከለ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፣ ወድቆ የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። አልተቆጣኝም ብዬ እፎይ ልል ስል እጄ ላይ ስልኬ ጠራ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም «ምስክር» ነው።

«ትዕግሥቴ፣ ታች ተይዘናል፣ ሊፍቱ ቆሟል፣ በረዶው እስኪያባራ ጥበቃዎቹ ቤት ተጠልለናል» አለኝ፣ ናታን ከኋላው ሲስቅ ይሰማኛል። «ጨለማውን ፈራሽ እንዴ?»

«አልፈራሁም» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፣ ፊቴ የቆመው እንዳይሰማኝ ይመስለኛል። እሱ ግን ዞሮ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ፣ አልሮጠም፣ አልተደበቀም፣ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ ሽው ሽው እያለ ገባ። የሚገርማችሁ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም፣ «ማነው የሰማኝ?» የሚለው ነው። ሌባ ቢሆን እንኳ እመርጥ ነበር።

የስልኬን መብራት አብርቼ ገባሁ። ማንም የለም። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ አልጋ ሥር አየሁ፣ ምንም። የእማማ ልብስ እንደነበረ በላስቲኩ ተቋጥሮ አልጋው ላይ አለ፣ ቋጠሮው አልተነካም። ወደ ላስቲኩ መብራቱን ጠጋ ሳደርግ ግን መነጽሩ ከውስጥ በኩል ደብዝዞ አየሁት፣ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት። እጄን በላስቲኩ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። መነጽሩ እያየሁት ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ ጠራ።

ምስክር ሲመለስ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?» አለኝ። ምን ልበለው? ያየሁትን ብነግረው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን መሰለሽ?» ነው፣ ሁለተኛው «ምን አልሽው?» ነው። ያን ደግሞ ልመልስ አልችልም። እንዲህ ሆኖ ነው ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ የቀረው።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን እማማ ደወሉ፣ ምስክር ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ልጄ፣ እኔስ ልቅር፣ እናንተ ደኅና ሂዱ» አሉ።

«ምነው እማዬ? ምን ተገኘ?»

«ኧረ ምንም፣ በዚህ ጉልበቴ ማን እንደ ሻንጣ ይጎትተኛል?» ብለው ሳቁ። «እዚያ ሰው መሃልስ ምን እሠራለሁ? ለትዕግሥት ንገርልኝ፣ አንገቷን ትሸፍን፣ ብርድ እንዳይመታት።»

ቢሮ ሄጄ ቀኑን ሙሉ እንደ ሥራዬ ልማድ ሳጣራው ዋልኩ፣ «እንደ ሻንጣ» ማንም ሰው ይላል፣ አንገትሽን ሸፍኚ የማትል እናት የለችም፣ ይሄ አያስከፍልም፣ ውድቅ! እያልኩ። ቅዳሜ ግን ራሴን የሆሳዕና መኪና ውስጥ አገኘሁት።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ ያለ እርስዎ አንሄድም» አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«አንቺ ነሽ የምትይው፣ ወይስ እሱ ልኮሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። አንገቴን ማቅናት አቃተኝ። ስወጣ የምስክርን እኅት እንደ ዋዛ «እሑድ ማታ እማማ የት ነበሩ?» አልኳት፣ «የት ትሄዳለች? በረደኝ ብላ በጊዜ ተኛች፣ ብርድ ልብስ ብንደራርብላት አልሞቃት አለ» አለችኝ።

ምስክር ደስታውን አልቻለውም። ቤታችን በሚደረገው የጸሎት ፕሮግራም ላይ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ «ባለቤቴ ሆሳዕና ድረስ ሄዳ እናቴን ለምና አሳመነችልኝ» ብሎ መሰከረ፣ ሴቶቹ «እንዲህ ያለች ምራት ከየት ትገኛለች!» እያሉ ጸለዩልኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ፣ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

አንድ ነገር ግን ያጽናናኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ ባይገባኝም፣ ቁመቱን ያስረዘመብኝ ጨለማው ነው፣ እሳቸው ነበሩ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፣ እሳቸው ከሆኑ ሰምተውኛል፣ ሰምተውም ዚፔን ዘግተውልኛል፣ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ለቪዛው አሻራ አዲስ አበባ መጡ። ሶሊያና ያን ላስቲክ ፈትታ ልብሱን አለበሰቻቸው፣ ሄልሜቱን፣ መነጽሩን፣ ሁሉንም፣ ሱሪው ታጥፎ ታጥፎ አላልቅ አለ፣ እጅጌው ጓንታቸውን ዋጠው። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አልነካም። ተነሥተው ፊቴ ሲቆሙ የሄልሜታቸው ጫፍ አገጬ ጋ ነው የደረሰው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እሳቸውም ከጨርቁ ሥር ይስቃሉ፣ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

እሳቸው አልነበሩም። እንግዲያው ያን ነገር የነገርኩት ለማን ነው? እሱስ ለእሳቸው ነገራቸው? ወይስ ሳይነግራቸው ያዘልኝ?

አሁን ምርጫው ሁለት ሪዞርት ላይ ደርሷል። ትናንትም ተደርድረን ሥዕሎቹን ስናይ ነበር፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ሰው ሁሉ ሄልሜት አድርጎ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ መነጽሩ ሰማይ እያንጸባረቀ ቆሟል፣ ሊፍቱን የሚጠብቀው ሰልፍ፣ ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጠው፣ ሁሉም። እማማ አጠገቤ ናቸው፣ እጄን ይዘውታል።

«ማሚ፣ አንዱን ሥዕል እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው ምኑን ነው?» አለችኝ ሶሊያና።

«በረዶውን» አልኳት።

በረዶውን አልነበረም።