ቀዩ ስፖንጅ

የሙዚቃ ባንድ መሪው ራልፍ ፔንሮዝ ጊታሩን እንዳነገተ፣ በዌልስ ድንበር ባለ አሮጌ የእርሻ ቤት ሳሎን ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ታችኛው ከንፈሩ ላይ ምስር የምታህል ቃጠሎ አለች። የግራ እጁ ጣቶችም የጊታሩ ጅማት በተዋቸው ቀጫጭን መስመሮች ጠቁረዋል። ውጪ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ የባንዱ አልበም የሚቀረጽበት፣ ግቢው ውስጥ የቆመው መኪና እስከ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል።

ኢንስፔክተር ግዊሊም ፕሮሰር ኮቱን ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለው ሳጅን ቤቫን። «ገዳዩም ተገኝቷል። ኩሽና ተቀምጦ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› እያለ ያለቅሳል።»

«እንዲህ የሚቀለኝ ቀን መጥቶ አያውቅም። እስቲ ልየው።»

ኩሽና ውስጥ ያለው ዶናል ኪሆ ነበር፤ የባንዱን ጊታሮችና ድምፅ ማጉያዎች የሚጠግነው ሰው። ከራልፍ ጋር በርሚንግሃም አንድ ሰፈር አብረው ነው ያደጉት። ዓይኑ አብጧል።

«የማጉያውን ስፒና ፈትቼ የመሬት ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«እዝዝ ይል ነበራ! የቤቱ መስመር ያረጀ ነው። ሽቦው ካልተቆረጠ ቴፑ ውስጥ ንብ የገባ ነው የሚመስለው። ሁሉም ባንድ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ጌታዬ። ራልፍ ራሱ ነው ‹ቁረጠው፣ በቃ› ያለኝ።»

«አደጋ እንዳለው ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

«አውቃለሁ እንጂ! ያ አሮጌ ማጉያ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። የመሬት ሽቦው ከሌለ ሁሉም ወደ ጊታሩ ጅማት ነው የሚሄደው። ራልፍ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ማይክሮፎኑን ካልሳመ መዝፈን አይሆንለትም። አምና መድረክ ላይ ከንፈሩን አቃጥሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክሮፎኑን ቀይ ስፖንጅ አለብሰዋለሁ፤ ከንፈሩ ብረቱን ከነካ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ያልፋላ። ዛሬም ጠዋት በናስትሮ ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።» እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «ወይስ አላሰርኩትም? ኧረ እኔ እንጃ፣ ራሴንም ማመን አቅቶኛል። እባክዎ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ትንሽ ታገሠኝ» አለ ፕሮሰር።

ወደ ሳሎን ተመለሰ። ቀዩ ስፖንጅ ከማይክሮፎኑ ማቆሚያ ሥር ወድቋል። ናስትሮው ግን የለም። ኢንስፔክተሩ በዚያ ሽማግሌ ጉልበቱ ተንበርክኮ ምንጣፉን ሳይቀር ገልጦ ፈለገ፤ የለም። የማይክሮፎኑን አንገት ሲዳስሰው ጣቱ ተጣበቀ፤ ሙጫው ገና ትኩስ ነበር። ዶናል አስሮታል ማለት ነው። ስፖንጅ ሊወድቅ ይችላል፤ ናስትሮ ግን ራሱን ፈትቶ አይሄድም።

ከራልፍ ጋር የሚዘፍነው ኔቪል ክሮው ምድጃው አጠገብ ቆሞ ውስኪ ይጠጣል።

«ራልፍን ትጠላው ነበር ይላሉ» አለው ፕሮሰር።

«ማን ያልጠላው አለ? ዛሬ ቁርስ ላይ ምን አለ መሰለዎት? ‹ቴፑን ሁሉ አጥፍተን፣ ለንደን ሄደን ሀ ብለን እንጀምራለን› አለ። ያን ሁሉ ወር የለፋንበትን! ‹ድምፁ ሞቷል፤ ሐምፍሪ አርጅቷል› ብሎ አረፈው። ያውም ድምፃችንን የሚቀርጸው ሐምፍሪ ራሱ ፊት።»

«ሐምፍሪ ምን አለ?»

«ዳቦውን ቅቤ ቀባ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ሰሐን ወረወርኩበት። ከዚያ እንደ ወትሯችን ታረቅንና እስከ ምሳ ዘፈንኩ። ራልፍ ለመሸኛ ነው ያለን፤ እዚህ የመጨረሻ ቀናችን ነው ብሎ።»

«ስፖንጁ ነበር?»

«ነበር። የራልፍ ሲጋራ ይሸታል፤ ያቅለሸልሸኛል። ከዚያ ሁላችንም ምሳ ገባን። ሐምፍሪ ብቻ ዘገየ፤ ቴፕ እጠቀልላለሁ ብሎ።»

የድምፅ ቀራጩ ሐምፍሪ ስታንተን መኪናው ውስጥ፣ መሣሪያዎቹ መካከል እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ትሑት ሰው ነው።

«እዚያ ክፍል ዛሬ አልገባሁም» አለ።

«የዛሬውን ቴፕ ያሰሙኝ። ከመጀመሪያው።»

ፕሮሰር ማዳመጫውን አጠለቀ። ኔቪል ይዘፍናል። በመሀል በመሀል የሐምፍሪ ድምፅ ያቋርጠዋል፤ «ወንበር ተንቋቋ፤ እንደገና።» ትንሽ ቆይቶ «በግ ጮኸ፤ እንደገና።»

«በጓንም ሰሟት?» ብሎ ሳቀ ፕሮሰር።

«እንጀራዬ እኮ ነው። ትንፋሽ እንኳ አታመልጠኝም።»

ከምሳ በኋላ ያለው መጣ። ራልፍ ይሞክራል፣ ያቆማል፣ ይቀልዳል፣ ደግሞ ይጀምራል። ከዚያ አንድ አጭር ጩኸት፣ የጊታር መውደቅ፣ ዝምታ። ፕሮሰር ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነስቶ ነበር፤ ጊታሩ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ነው።

«እኔ በበግ ጨረታ ቀን በማይክሮፎን ዋጋ እለፍፋለሁ» ብሎ ጀመረ። «አንድ ጊዜ ስፖንጁን ረስቼ ወጣሁ። ትንፋሼ ብረቱን በመታ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ዱብ፣ ዱብ ይላል፤ ገበሬው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሰደበኝ። ዛሬ ቴፑን ስሰማ ኔቪል ሲዘፍን ያ ነገር የለም። ስፖንጁ ነበራ። ራልፍ ሲመጣ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ዱብ፣ ዱብ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ የተነሳው በምሳ ሰዓት ነው። ሁላችሁም ኩሽና ማዕድ ላይ ነበራችሁ፤ ከአንድ ሰው በቀር።»

«እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ» አለ ሐምፍሪ።

«ይሁንልዎ፤ አልገቡም እንበል። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለወንበር አስቁመዋል። ሜዳ ላይ ላለች በግ አስቁመዋል። ራልፍ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሞክር ትንፋሹ ጆሮዎን ይደበድበው ነበር። ‹ዶናል፣ ስፖንጁን መልስ› ለማለት አንድ አፍታ ይበቃ ነበር። አላሉም። ከንፈሩ ብረቱን እስኪነካ ይጠብቁ ነበራ።»

ሳጅን ቤቫን የሐምፍሪን ኪስ ፈተሸ። ተጠቅልሎ የተጣበቀ የናስትሮ ቁራጭ ወጣ። ቴፕና ናስትሮ ሲጠቀልል የኖረ ሰው፣ በልማድ ኪሱ ከትቶት መጣሉን ዘንግቶ ነበር።

«ሆስፒታል የሚያስተኛው መስሎኝ ነበር» አለ ሐምፍሪ። «ቴፖቹን ይዤ እስክሄድ ብቻ። ከዚህ የተሻለ ሠርቼ አላውቅም። ከእንግዲህም አልሠራም። እሱ ግን ሊያጠፋው ነበር።»

«አንተ አውሬ!» ብሎ ኔቪል ብርጭቆውን ወረወረ፤ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ። ሽማግሌውን ይዘውት ወጡ።

ዶናል ብቻ ቀረ።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ሕግ አንተን አይጠይቅህም።»

«ስለ ሕግ አይደለም የጠየቅኩዎት፣ ጌታዬ። ሽቦውን ባልቆርጠውስ ኖሮ?»

ፕሮሰር በዚህ ሥራ ስንቱን እናት፣ ስንቱን ባል በሚያጽናና ውሸት ሸኝቷል። ይህን ልጅም ሊዋሸው አፉን ከፈተ። ግን ስለ ኤሌክትሪክ ዶናልን ማታለል አይቻልም።

«ይኖር ነበር» አለው።

ዶናል ራሱን ነቀነቀ። ጊታሩን አነሳና፣ ከቀረጻ በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጅማቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወላቸው። ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ዘጋው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አልበሙ በመከር ወጣ። የባንዱን ሸክላ የሚያሳትመው ኩባንያ አንዱንም ቴፕ አላጠፋም። አገሩ ሁሉ ወደደው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ እዝዝታ የሚባል ነገር የለበትም አሉ። ዶናል አሁን በርሚንግሃም ገበያ ውስጥ ጫማ ይሸጣል። ፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ ያን ሸክላ ሲከፍት፣ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ተነስቶ በሩን ይዘጋል።