የፀሐይ መቀነት

ከኋላው ያለው ሰውዬ ጫማውን ለማሰር ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አለ።

በምስጢር ስሙ ወንፊት የሚባለው ሰላይ ዘወር ብሎ አላየውም። የሱቁን መስተዋት ብቻ አየ። ቡናማ ኮፍያ፣ አጭር አንገት። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«ጀማሪ» አለ በልቡ።

የአውቶቡስ ማቆሚያው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆለፈ። የኮቱን ገበር ተርትሮ ጥፍር የምታክል ፊልም አወጣ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደገነ።

ክው አለ።

መቀነቱ የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ በሰማይ ምርምር ማዕከሉ ውስጥ የመብራት ቴክኒሻን መስሎ የኖረው ለዚህች ካርታ ነበር። በከዋክብት መሃል ያለው ሃይድሮጅን ወደ ፀሐይ ሰፈር ይፈስሳል፤ በጨረሯም ዓይን የማያየው ፍካት ይፈካል። የተተኮሰ ሚሳይል ከሕዋ ለመለየት ይህ ፍካት አስቀድሞ ከምስሉ ላይ መቀነስ አለበት። የአለቆቹ ሳተላይት ያለ ካርታው ዳፍንታም ነው።

ካርታውን የሠራችው እጮኛው ናት። እጮኛ መያዝ ትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ልብ ትእዛዝ መች ይሰማል?

«ፀሐይ ታዳላለች» ብላው ነበር አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች። «በወገቧ በኩል የምትተፋው የብናኝ ነፋስ ዝግ ያለና ከባድ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ያሳሳዋል። በዋልታዎቿ በኩል ግን ፈጣንና ስስ ነው፤ ብዙው ይተርፋል። ስለዚህ ሰማዩ ላይ ደብዘዝ ያለ መቀነት ይታያል።»

«ሁልጊዜ?»

«ስትቆጣ መቀነቷን ትፈታለች፤ ነፋሷ በየአቅጣጫው ይቀራረባል። ዘንድሮ ግን ጨዋ ሆናለች፤ ጠበቅ አድርጋ ታጥቃለች።»

እጁ ላይ ያለው የዘንድሮ ሰማይ አይደለም። ፀሐይ የተቆጣችበት የድሮ ዓመት ካርታ ነው፤ የዘንድሮ ምልክት ተለጥፎበታል። ካርታዎቹ የሚቀመጡበት ካቢኔት ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ የቀየረችው እሷ ናት።

አውቃለች።

አውቃም ዘበኛ አልጠራችም። ጠዋት የኮቱን ቁልፍ ራሷ ቆልፋለት «ማታ ቀደም ብለህ ና፤ የምነግርህ አለኝ» ነበር ያለችው። ልብ ብሎ ሰምቷት ከሆነ መቀነቱ እንደሌለ አይቶ ወደ እሷ ይመለሳል ብላ ነው።

ሐሰተኛውን ሊያስረክብና ማታ ወደ እሷ ሊመለስ ወሰነ። አለቆቹን ሲከዳ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለው፤ ምን ይደረግ፣ ደስ አለው።

ፊልሙን የሚያስረክብበት ላውንደሪ በእንፋሎት ታፍኗል።

«ኮቱ ምን ነክቶት ነው?» አሉ ባንኮኒው ላይ ያሉት ሽማግሌ። የምስጢር ስማቸው አጎት ነው።

«ቀለም።»

«የምን?»

«የግድግዳ።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ፤ ወደ ጓዳ አስገቡትና ፊልሙን ተቀበሉት። በሩ እንደገና ተከፈተ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገባ።

«የኛው ልጅ ነው» አሉ አጎት። «ሌሎቹ እጮኛህ ደጅ ቆመዋል። ፊልሙ እስኪመረመር እኛ ጋ ትቆያለች። ሐሰት ከሆነ አትመለስም።»

«እንደማትነካ ቃል ገብተውልኝ ነበር!»

«ቃል የገባሁት ለወንፊት ነው። አንተ ወንፊት መሆን ካቆምክ ቆየህ።»

እንፋሎቱ ፊቱን አረጠበው።

«ወረቀት ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ፊልሙ የዘንድሮ አይደለም። የዘንድሮውን እኔ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰዎችዎን ያንሱ፤ ድምፅዋንም ልስማ። እኔ እዚሁ እጅዎ ላይ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?»

አጎት ብዙ አሰቡ። ከዚያ ደወሉ። ከዚያ ስልኩን ሰጡት።

«ደጃፌ ላይ የነበረው መኪና ሄደ» አለች እጮኛው። «ያንተ ሰዎች ናቸው?»

«አዎ። ከቤት ውጪና ሂጂ። አሁኑኑ።»

«ፊልሙን አየኸው?»

«አየሁት።»

«መቀነቱስ?»

«የለም።»

ትንፋሿ ተሰማው። ሳቅ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ለካ ትሰማኝ ነበር! ካየ ይመጣል ብዬ ራት እየሠራሁ ነው።»

አጎት ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ሁሉንም ሰምቼሻለሁ» አላት።

ነገር ለመረዳት ሁለቴ አይነገራትም። ቁጥሮቹን ሁሉ በቃሉ እንደያዘ ገባት።

«አትንገራቸው» አለች። «መብራቴ፣ በሞቴ፣ አትንገራቸው።»

ስልኩን ዘጋ።

ውሸት ቢጽፍ ነገ ደጇ ላይ ይቆማሉ። እውነቱን ከጻፈ ማንም አይፈልጋትም። ስለዚህ ጻፈ። መቀነቱ ከየት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ በስንት እጅ ይደበዝዛል። እያንዳንዱን ቁጥር በራሷ ድምፅ ነበር የሚያስታውሰው፤ አንዱን ደረጃ ስትወጣ፣ አንዱን ፀጉሯን ስታደርቅ የነገረችው። አጎት ለባለሙያቸው በስልክ አነበቡለት።

«ልክ ነው ይላል» አሉ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ጀግና ነህ።»

አዲስ መታወቂያና የሌላ ሰው ኮት ሰጡት። የእሱ ኮት ቁጥር ተለጥፎበት፣ ማንም ከማይጠይቃቸው ልብሶች መሃል ተሰቀለ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የተበላሸ መብራት ይጠግናል። ጎረቤቶቹ ጭምት ሰው ነው ይሉታል። አንድ ምሽት ከፊት ለፊቱ ያለችው መበለት የራስጌ መብራት ይዛ መጣች፤ እሱ ሲያስተካክል ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጅነቷ መጫወት ጀመረች።

«ተዪ» አላት። «እባክሽ አትንገሪኝ።»

«ምነው? ሰለቸህ እንዴ?»

«ኧረ አልሰለቸኝም» አለ መብራቱን እየመለሰላት። «የሰማሁትን አልረሳም።»